ስቲቭ ክላሪጅ፦ ስለ ክለብ ቀያያሪው አጥቂ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሌስተር ሲቲ ሲባል የብዙዎቻችን ትዝታ የሚጀምረው የእንግሊዝ ሻምፒዮን ከሆነበት ከ2016 ነው። ቫርዲ፣ ማህሬዝ፣ ራኒዬሪ። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ክለቡን ወደ ፕሪሚየር ሊግ የመለሰው ገምባሌው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተንከባለለ፣ ማሊያው ከቁምጣው የወጣ፣ ከስልጠና ይልቅ ከሰፈር ሜዳ የመጣ የሚመስል አጥቂ ነበር። ስለ እሱ ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስቲቭ ክላሪጅ ማን ነው?

በኤፕሪል 1966 በደቡብ እንግሊዟ የወደብ ከተማ ፖርትስማውዝ የተወለደ አጥቂ ነው። እንግሊዝ የዓለም ዋንጫን ያነሳችው እሱ ገና የሦስት ወር ሕፃን ሳለ ነው። ለብሔራዊ ቡድን ግን አንድም ቀን አልተጫወተም። ስሙ የሚነሳው በሌላ ነገር ነው፦ በክለቦቹ ብዛት፣ በጨዋታዎቹ ብዛት፣ እና በአንድ የግንቦት ቀን ዌምብሌይ ላይ ባስቆጠራት ጎል።

በስንት ክለብ ተጫወተ?

እንደ አቆጣጠሩ ነው። አንዱ ጋ 15፣ ሌላው ጋ 20 ገደማ ብታዩ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

መንገዱን ልንገራችሁ። ከሊጉ ውጭ፣ ማለትም ከአራቱ ፕሮፌሽናል እርከኖች በታች ባለው ፌርሃም ታውን ጀመረ። በ1984 በርንማውዝ ገባ፣ ሰባት የሊግ ጨዋታ ተጫወተና ወጣ። ተመልሶ ከሊጉ ውጭ ወዳለው ዌይመዝ ወረደ። ከዚያ ክሪስታል ፓላስ፣ አልደርሾት፣ ካምብሪጅ ዩናይትድ፣ ሉተን፣ እንደገና ካምብሪጅ፣ በርሚንግሃም፣ ሌስተር፣ ፖርትስማውዝ በውሰት፣ ዎልቭስ፣ ፖርትስማውዝ በቋሚነት፣ ሚልዎል፣ እንደገና ዌይመዝ፣ ብራይተን፣ ብሬንትፎርድ፣ ዊኮምብ፣ ጊሊንግሃም፣ ብራድፎርድ፣ ዎልሶል። በመጨረሻ እንደገና በርንማውዝ።

አያችሁ ችግሩን? ፓላስ ውስጥ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተሰለፈም። ታዲያ ይቆጠር? ሁለቴ የገባበት ክለብ አንድ ነው ወይስ ሁለት? እኔ እንደ አንድ ነው የምቆጥረው። እንደዚያም ሆኖ ዝርዝሩ አንድ ትንፋሽ አይበቃውም።

ለምን እንዲህ ተንከራተተ? ጎበዝ ስላልነበረ ነው?

ይሄ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ ጎበዝ ቢሆን አንዱ ክለብ ይይዘው አልነበር? ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

በእንግሊዝ ከላይኛው ሊግ በታች ያለውን ኑሮ ማየት ያስፈልጋል። ፕሮፌሽናል የሚባሉት አራቱ እርከኖች 92 ክለብ አላቸው። ከታች ባሉት ውስጥ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል የተለመደ ነው፤ የአንድ ወር ውልም አለ። ውሉ ሰኔ መጨረሻ ላይ ያልቃል። በጋውን ተጫዋቹ ስልኩን ሲጠብቅ ይከርማል። አሰልጣኝ ሲባረር አዲሱ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል። ክለቡ ገንዘብ ሲያጥረው ደግሞ መጀመሪያ የሚሸጠው ጎል የሚያገባለትን ነው። ስለዚህ እዚያ ሰፈር አንዳንዱ ስለማይፈለግ ይሸጣል፣ አንዳንዱ በጣም ስለሚፈለግ ይሸጣል። ክላሪጅ ሁለቱንም ቀምሷል።

ሌላም አለ። ማርክ ማጊ የሚባለውን ስኮትላንዳዊ አሰልጣኝ ተከተሉ። በ1998 ክላሪጅን ለዎልቭስ በ350,000 ፓውንድ አስፈረመው። ጥቂት ጨዋታ፣ ባዶ ጎል። የዎልቭስ ደጋፊ እስከ ዛሬ ሲያስታውሰው ፊቱ ይጠቁራል። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛ አይሞክረውም። ማጊ ግን ሚልዎልን ሲይዝ መልሶ ወሰደው፤ ያኔ ክላሪጅ 35ኛ ዓመቱን ሊደፍን ምንም አልቀረውም ነበር። ብራይተን ሲገባም ሦስተኛ ጊዜ ጠራው። ዝውውር ከላይ ስታዩት የገበያ ጉዳይ ይመስላል፤ እታች ግን ትውውቅ ነው። ስልኩ ውስጥ ቁጥርህን የያዘ አሰልጣኝ ካለ ሥራ አለህ።

እና ደግሞ ሰውየው መቀመጥ አይችልም። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ደመወዝ እየበላ ከመክረም ሁለት ዲቪዚዮን ወርዶ መሰለፍን ይመርጥ ነበር።

“ሁለተኛ ዲቪዚዮን” ሲባል የትኛው ነው?

ግራ መጋባቱ ያለ ነው። እስከ 1992 ድረስ “አንደኛ ዲቪዚዮን” ማለት የእንግሊዝ ቁንጮ ሊግ ነበር። ፕሪሚየር ሊግ ሲመሠረት ሁሉም ስም አንድ ደረጃ ወረደ፤ ሁለተኛ የነበረው አንደኛ ተባለ፣ ሦስተኛው ሁለተኛ። በ2004 ደግሞ ቻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋን እና ሊግ ቱ ተባሉ። ስለዚህ በርሚንግሃም በ1995 “ሁለተኛ ዲቪዚዮንን አሸነፈ” ሲባል የዛሬው ሊግ ዋን ማለት ነው። ክላሪጅ በአራቱም እርከን ተጫውቶ በአራቱም ጎል አግብቷል።

ካምብሪጅ ውስጥ ከአሰልጣኙ ጋር ተደባድቧል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ በ1997 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ራሱ ተርኮታል።

አሰልጣኙ ጆን ቤክ ይባላል። ለእግር ኳስ ያለው አመለካከት ቀላል ነበር፦ ኳሷን በተቻለ ፍጥነት ወደ ተጋጣሚ ኮርነር ላክ፣ እዚያ ተጫን፣ አሻማ። መሃል ሜዳ ላይ ወደ ጎን ማቀባበል ክልክል። የተላከችው ኳስ ከሜዳ እንዳትወጣ በኮርነሮቹ አካባቢ ያለው ሣር ሳይታጨድ እንዲረዝም ይደረግ ነበር። ከጨዋታ በፊት በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ተጫዋቾቹ ላይ ይደፋባቸዋል። እንግዳው ቡድን ደግሞ የመልበሻ ክፍሉ እንደ ምድጃ ሞቆ ይጠብቀዋል፣ ሻዩም ስኳር በስኳር ሆኖ ይቀርብለታል፤ አፍ ይዞ እንዲያደክም።

ሳቁ፣ ግን ውጤት ነበረው። ክላሪጅ በ1990 መጀመሪያ ከአልደርሾት በ75,000 ፓውንድ ሲመጣ ካምብሪጅ አራተኛ ዲቪዚዮን ነበር። በዚያው ዓመት አደጉ። በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛውን አሸንፈው እንደገና አደጉ። ሁለቱንም ዓመት በኤፍኤ ካፕ ሩብ ፍጻሜ ደረሱ። አጠገቡ የሚጫወተው አጥቂ ዲዮን ደብሊን ነበር፤ ኋላ ማንቸስተር ዩናይትድ የገዛው። በ1992 አዲስ ሊከፈት የነበረው ፕሪሚየር ሊግ በር ላይ ሲደርሱ የመጨረሻውን የማደጊያ ቦታ በሚወስነው ጥሎ ማለፍ፣ በፕሌይኦፍ ግማሽ ፍጻሜ 5 ለ 0 ተሸንፈው ቀሩ። ያሸነፋቸው ማን መሰላችሁ? ሌስተር።

ድብድቡ የመጣው ከዚሁ ከኮርነር ትዕዛዝ ነው። ክላሪጅ ኳስ ይዞ ወደ ውስጥ መግባት የሚወድ ሰው ነው። አንድ ቀን ትዕዛዙን ጥሶ ገባ፣ ቤክ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይሮ አስወጣው። በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ውስጥ ቃል ቃልን ወለደ፣ ከዚያ ቡጢ ሆነ። በበጋው ለሉተን ተሸጠ። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ቤክ በጥቅምት ተባረረ፣ ክላሪጅ በወሩ ካምብሪጅ ተመለሰ።

በርሚንግሃም ላይስ?

ብዙ ጎል። ባሪ ፍራይ የሚባለው አሰልጣኝ አጥቂ እንደ ሽንኩርት በኪሎ የሚገዛ ሰው ነበር። በ1995/96 ብቻ ከአርባ በላይ ተጫዋቾችን አሰልፏል። በዚያ ግርግር መሃል ክላሪጅ በ1994/95 በሁሉም ውድድር 25 ጎል አስቆጠረ። ከ1970ዎቹ የክለቡ አጥቂ ከትሬቨር ፍራንሲስ ዘመን ወዲህ ለበርሚንግሃም በአንድ ዓመት 20 ጎል ያለፈ የመጀመሪያው እሱ ነው። በዚያ ዓመት ፕሪሚየር ሊግ ወደ 20 ክለብ እየተቀነሰ ስለነበር ከሁለተኛ ዲቪዚዮን በቀጥታ የሚያድገው አንድ ክለብ ብቻ ነበር። እሱም በርሚንግሃም ሆነ።

ያቺ የዌምብሌይ ጎል በትክክል እንዴት ገባች?

በቅልጥም። እውነቴን ነው።

ሜይ 27፣ 1996። የፕሌይኦፍ ፍጻሜ፣ ሌስተር ከክሪስታል ፓላስ። አሸናፊው ፕሪሚየር ሊግ ይገባል፣ ተሸናፊው አንድ ዓመት ሙሉ እንደገና ይለፋል። ክላሪጅ ሌስተር ከገባ ሦስት ወር አልሞላውም፤ አሰልጣኙ ማርቲን ኦኒል በ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ነው የገዛው። ተጋጣሚው ደግሞ በ1988 አስፈርሞት አንድም የሊግ ጨዋታ ያላሰለፈው ክለብ ነው።

አንዲ ሮበርትስ ለፓላስ አገባ። ጋሪ ፓርከር በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ። 90 ደቂቃ አለቀ፣ ተጨማሪው 30 ደቂቃም ሊያልቅ ነው። ኦኒል ለመለያ ምቱ ብሎ ግብ ጠባቂውን ኬቪን ፑልን አስወጥቶ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝመውን አውስትራሊያዊ ዜልኮ ካላችን አስገባ። ሁሉም ሰው ሐሳቡ መለያ ምት ላይ ነው። ከቅጣት ምት የተነሳችው ኳስ ከሳጥኑ ውጭ ክላሪጅ ጋ ደረሰች። መታት። በጫማው ሳይሆን በቅልጥሙ። ኳሷ ዞራ ወደ ላይኛው ጥግ ሄደች።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሁልጊዜ የምመለከተው የፓላሱን ግብ ጠባቂ ናይጄል ማርቲንን ነው። አይዘልም። ቆሞ ነው የሚያያት። ስታዲየሙም ለአፍታ ገብታለች አልገባችም ያለ ይመስላል፤ ጩኸቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ግዙፉ ካላች ከዚያ በኋላ ሥራ አልነበረውም።

ትልቅ ዋንጫ በልቷል?

አንድ። የ1997 የሊግ ዋንጫ። ፍጻሜው ዌምብሌይ ላይ ከሚድልስብራ ጋር 1 ለ 1 አለቀ፤ ራቫኔሊ ለሚድልስብራ አገባ፣ በመጨረሻ ደቂቃዎች ኤሚል ሄስኪ አቻ አደረገ። የሚድልስብራውን ኮከብ ጁኒንሆን የሌስተሩ ስዊድናዊ ፖንተስ ካማርክ እንደ ጥላ ተከትሎት ነበር የዋለው። ከአስር ቀን በኋላ ሼፊልድ ባለው ሂልስቦሮ ስታዲየም ሲደገም እንደገና ተጨማሪ ሰዓት ገቡ። በ100ኛው ደቂቃ ስቲቭ ዋልሽ በጭንቅላቱ ያወረደለትን ክላሪጅ አገባት፣ 1 ለ 0 አለቀ። ሌስተር በዚህ ዋንጫ ዩኤፋ ካፕ ገባ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ታላላቅ ጨዋታዎችን በተጨማሪ ሰዓት የጨረሰው ያው ገምባሌው የወረደ ሰውዬ ነው።

ስለ ገምባሌው ካነሳን፣ ለምን ነበር የሚያወርደው?

ነፃ መሆን የሚወድ ሰው ነበር ብዬ አልፈዋለሁ። የቅልጥም መከላከያም አይወድም። ታሪኩን የቀየረችው ጎል ከዚያው ካልተሸፈነ ቅልጥም መምጣቷ ግን ለቀልደኞች የተሰጠ ስጦታ ነው።

ስለ ቁማሩ የሚወራውስ?

አልደበቀም። በግለ ታሪኩ ብዙ ገንዘብ በፈረስ ውድድር ቁማር እንዳጠፋ በግልጽ ጽፏል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ተጫዋች ከልምምድ በኋላ ከሰዓቱ ባዶ ነው፤ የቁማር ቤት ደግሞ በየመንገዱ አለ። ስለዚህ እሱ ብቻውን አልነበረም። ዛሬ በየሰፈራችን የስፖርት ውርርድ ቤት ሞልቶ ስናይ ነገሩ ሩቅ አይመስልም።

አሰልጣኝ ሆኖ ነበር?

ሆኗል፣ እድሉ ግን ክፉ ነው። በ2000 በልጅነቱ ያደገበትን ፖርትስማውዝን እየተጫወተ እንዲያሠለጥን ተሰጠው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ቦታው ለግርሃም ሪክስ ተሰጠ። በ2003 ዌይመዝን ያዘ፤ ለማደግ ጥቂት ቀርቶት ሁለተኛ ወጣ። የክለቡ ባለቤትነት ሲቀየር እሱም ወጣ።

ከሁሉም የሚብሰው ሚልዎል ነው። በ2005 በጋ፣ ሲዝኑ ሳይጀመር ተሾመ። ያ የሾመው ሊቀመንበር ብዙም ሳይቆይ ወንበሩን ለሌላ ለቀቀ። አዲሱ የራሱን ሰው ፈለገ። ክላሪጅ በ36ኛው ቀን ተሰናበተ። አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይመራ! ሲዝኑ እኮ ገና አልተጀመረም። ስንት አሸነፈ፣ ስንት ተሸነፈ ብላችሁ መዝገብ ብትፈልጉ ዜሮ ነው የምታገኙት።

ሺህ ጨዋታ ተጫውቷል የሚባለው እውነት ነው? እንዴት ተቆጠረ?

እውነት ነው፣ ግን ሺው በሙሉ ሊግ አይደለም። ከፕሪሚየር ሊግ እስከ አራተኛው እርከን የተጫወተው የሊግ ጨዋታ ከ600 በላይ ነው። ዋንጫዎቹና ከሊጉ ውጭ ባሉ ክለቦች የተጫወተው ሲደመር ነው ሺህ የሚሞላው። አንዳንዱ ይሄን ሰምቶ “ታዲያ ምኑ ሺህ ነው?” ይላል። እኔ አልስማማም። ዌይመዝ ላይ ዝናብ እየመታው የሮጠው ሩጫ ከየትኛው ያንሳል?

ዎልሶልን ለቆ ሲወጣ ቁጥሩ 999 ላይ ቆሞ ነበር። ዕድሜው 40። አስቡት፣ አንድ ብቻ ቀርቶት ክለብ የለውም። በርንማውዝ ጠራው፤ ከ22 ዓመት በፊት የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታውን የተጫወተበት ክለብ። ዲሴምበር 9፣ 2006 ከፖርት ቬል ጋር ተሰለፈ። ፊልም ቢሆን የማሸነፊያዋን ጎል ያገባ ነበር። በርንማውዝ ግን በሜዳው 4 ለ 0 ተሸነፈ። በሁለተኛው የበርንማውዝ ቆይታው ያ አንድ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በክለብ ብዛት ሪከርዱ የእሱ ነው?

አይደለም፣ ሩቅ ነው። ጄፈርሰን ሉዊ የሚባል አጥቂ በአብዛኛው ከሊጉ ውጭ ባሉ ክለቦች ከአርባ በላይ ደርሷል። ግብ ጠባቂው ጆን በሪጅም ወደ ሰላሳ ይጠጋል፤ በ43 ዓመቱ ለማንቸስተር ሲቲ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ተሰልፏል። በሪጅ ኋላ ኦማን ሄዶ ግብ ጠባቂ አሠለጠነ፣ ዓሊ አልሐብሲን ያገኘውም እዚያ ነው። ለቦልተንና ለዊጋን ሲጫወት ያያችሁት ሰው ማለት ነው። ክላሪጅ በክለብ ብዛት ከእነዚህ ያንሳል። ከፍታውና ዝቅታው ግን በእሱ ይበልጣል፦ አንድ ዓመት ዌምብሌይ፣ ሌላ ዓመት የመንደር ሜዳ።

ከዚያ በኋላ ጫማውን ሰቀለ?

ሰቀለ ማለት ይከብዳል። ቢቢሲ ላይ ለዓመታት የጨዋታ ተንታኝ ሆኖ ሠራ፤ ስለ ታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ሲያወራ ከወረቀት እንደማያነብ ያስታውቃል። በመሃሉ አርባ አምስት ዓመቱን ካለፈ በኋላ በትውልድ ከተማው ማዶ ላለው ለጎስፖርት ቦሮ ብቅ ብሎ ተጫውቷል።

ከዚያ ሳልስበሪ መጣ። በዚያች ከተማ የነበረው ክለብ በ2014 በገንዘብ ችግር ፈረሰ፤ በምትኩ አዲስ ክለብ ተቋቁሞ በ2015 ከዘጠነኛው እርከን ጀመረ። አሰልጣኙ ክላሪጅ። በመጀመሪያው ዓመት ሊጉን አሸነፉ፣ የታችኞቹ ክለቦች ዋንጫ በሆነው ኤፍኤ ቬዝ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። እዚያም እንደ እነሱ ፈርሶ የተነሳው ሄርፎርድ አስቀራቸው። ክለብ እየቀያየረ የኖረው ሰው ሳልስበሪ ላይ እስከ 2022 ቆየ። ተጫዋች ሆኖ በአንድ ክለብ ይህን ያህል ቆይቶ አያውቅም።